ጋሪ ኩፐር ፈርቶ ነበር፤ የምንወደውም ለዚሁ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ ስለ ድሮ የካውቦይ ፊልም አፍቃሪዎች የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት ግን ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁ እዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር ውላ እኔ ጋ የደረሰችው ሻይ ፈሶባት፣ ዳር ዳሯ ላይም በእስክሪፕቶ "ውሸት"፣ "ይሄም ውሸት" ተብሎ ተጽፎባት ነው። ጸሐፊያችሁ የእኔን ደንበኞች ሽጉጥ የናፈቃቸው ሽማግሌዎች ብሏቸዋል። በስም አልጠራቸውም። እነሱ ግን በስም እንደተጠሩ ነው የቆጠሩት።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ሴት ነኝ። ሽጉጥ ከፊልም ውጭ ቀርቤ አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም። ጋሪ ኩፐር የሚሠራበትን የካውቦይ ፊልም "ሃይ ኑን"ን (ልክ ቀትር እንደማለት ነው) ግን እወደዋለሁ። ነገም ይከፈት ቢሉኝ ሻይ እየቀዳሁ ቆሜ አየዋለሁ። ስለዚህ መልስ መስጠቱ ለእኔ ደረሰኝ። እነሱ ይጽፋሉ ብዬ ብጠብቅማ፣ ማን ይጻፍ በሚለው ላይ ሲከራከሩ ዓመት ይሞላቸዋል። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ፊልሙ የእነሱ ስለሆነ።)

ጸሐፊው ስለ "ሃይ ኑን" ሲጽፍ የወንዶች ፊልም ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ተኩስ ነው ይላል። ጋሪ ኩፐርን ደግሞ ፍርሃት የሚባል ነገር የማያውቅ ኮስታራ ጀግና ያደርገዋል። አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ፊልሙን አይቶታል? ወይስ ፖስተሩን ብቻ ነው ያየው?

ፊልሙ የወጣው በ1952 ነው። ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን ነው። ርዝመቱ 85 ደቂቃ ሲሆን ተኩሱ የሚጀመረው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በምን ያልቃል ካላችሁ፣ አንድ ሰውዬ ከበር በር እየዞረ ሰው እርዱኝ ሲል ነው የሚያልቀው። በቃ፣ ይኸው ነው ፊልሙ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዊል ኬን ሀድሊቪል የምትባል የአንዲት ትንሽ ከተማ ማርሻል ነው፣ የፖሊስ አዛዥ በሉት። በዚያ ጠዋት ሚስት አገባ፣ ሥራውንም ለቀቀ። ሠርጉ ሳይበተን ቴሌግራም መጣ። ድሮ ራሱ ይዞ ያስፈረደበት ፍራንክ ሚለር የሚባል ወንበዴ ተፈትቷል። ልክ በስድስት ሰዓት በሚገባው ባቡር እየመጣ ነው። ሦስት ግብረ አበሮቹ ከወዲሁ ጣቢያው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ኬን መጀመሪያ ሚስቱን በጋሪ ይዞ ከከተማው ይወጣል። ሲወጡ የከተማው ሰዎች ጥሩ አድርገው ነው የሚያባርሩት፣ ቶሎ ሂድልን እያሉ ነው የሚሸኙት። መንገድ ላይ ያቆምና ይመለሳል። ቢሸሽም ተከትለውት እንደሚመጡ ያውቃል። ሚስቱ ደግሞ እምነቷ ጠብና መሣሪያን የሚከለክል ሴት ናት፣ ካልተውከው በዚሁ ባቡር ጥዬህ እሄዳለሁ ትለዋለች። ከዚህ በኋላ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ፊልሙ የሚሄደው እኛ ወንበር ላይ በተቀመጥንበት ሰዓት ልክ ነው ማለት ይቻላል። በየግድግዳው ሰዓት አለ፣ ካሜራውም ደጋግሞ ያሳየናል።

እንግዲህ ባቡር መጠበቅ ምን እንደሆነ ለድሬዳዋ ሰው አይነገርም። ከተማችን ራሷ በባቡር የመጣች ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬ የምትባል ከተማ ማን ያውቃት ነበር? መስመሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃውም እንግዳውም ወሬውም የሚወርደው እኛው ጋ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ ከደንበኞቼም ብዙዎቹ የምድር ባቡር ጡረተኞች ናቸው። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ አይጥማቸውም። የእነሱ ባቡር ከዚራ የሚቆመው ነው። ታዲያ ሦስት ሰዎች ጣቢያ ላይ ተቀምጠው ወደ ሐዲዱ ሲያዩ፣ የጣቢያው ሹም ደግሞ እነሱን ላለማየት ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ለእኛ ይሄ አሜሪካ አይደለም። ሰፈራችን ነው።

ከሦስቱ አንዱን አይታችሁታል? ሊ ቫን ክሊፍ ነው። ያ አፍንጫው ሹል፣ ዓይኑ ጠባብ ሰውዬ፣ በኋላ በጣሊያኖቹ የካውቦይ ፊልሞች ከክሊንት ኢስትውድ ጋር ገናና የሆነው። "ሃይ ኑን" የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም። የእኔ ሰዎች ግን ብቅ ሲል ያጨበጭቡለታል፣ ወንበዴ መሆኑንም ይረሱታል።

ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ካልጻፍሽ ሻይ አንጠጣም ተብያለሁ። ባቡሩ ከሩቅ ጭስ እየለቀቀ የሚመጣበት ቦታ አለ፣ ካሜራው ሐዲዱ ላይ ተተክሎ ፊት ለፊት ነው የሚቀርጸው። ዚነማን ራሱ እንዳወራው፣ እሱና የካሜራ ባለሙያው ፍሎይድ ክሮዝቢ ሐዲዱ ላይ ተኝተው ነበር። ባቡሩ መጀመሪያ ነጭ ጭስ ለቀቀ። ቀጥሎ ጥቁር ለቀቀ። እነሱ ለፊልሙ ያማረላቸው መስሏቸው መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ለካ ጥቁሩ ጭስ ነጂው ፍሬን አልያዘልኝም ሲል ነው! በመጨረሻው ሰዓት ዘለው ተረፉ፣ የካሜራው እግር ሐዲዱ ላይ ተያዘና ካሜራው ተሰባበረ። ውስጡ ያለው ፊልም ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። አሁን የምናየው እሱን ነው። ይሄን ታሪክ ስነግራቸው ሳቅ ነበር የጠበቅኩት። ድሮ ባቡር ይነዱ የነበሩ አንድ ጋሼ ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው "ነጂው ምን ሆነ? ስለ እሱ የተጻፈ የለም?" አሉኝ። በጣም ተናደው ነበር።

ወደ ቀትሩ ልመለስ። ድሬ ላይ በስድስት ሰዓት ማንም ማንንም አይገድልም። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጥላ ይዞ፣ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ከተማው የሚነቃው ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የሀድሊቪል መንገድ ጭር ሲል ለአዲስ አበባ ሰው የፍርሃት ምልክት ይሆናል፣ ለእኛ ተራ ቀትር ነው። ሰማዩንም እናውቀዋለን። ክሮዝቢ ሆን ብሎ ነው ሰማዩን ነጭ ያደረገው፣ የድሮ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፎቶዎችን እንዲመስል ፈልጎ። የሆሊውድ የካውቦይ ፊልም ላይ የለመድነው ያ ያማረ ደመና የለም። ነጭ ሰማይ፣ አቧራ፣ ላብ። ሚያዝያ ላይ ድሬን ያየ ሰው ይሄን ሰማይ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ኩፐር። ጸሐፊያችሁ ፍርሃት አያውቅም ያለውን ሰው ማለቴ ነው።

ጋሪ ኩፐር በ1901 ሞንታና ውስጥ ነው የተወለደው። ፊልሙ ሲቀረጽ 50 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ሆና የምትሠራው ግሬስ ኬሊ ደግሞ 21። ልጁ ትሆናለች፣ ይሄንንም ሳልናገር አላልፍም። ሰውዬው በዚያን ጊዜ ጨጓራው ታሞ ነበር፣ ወገቡንም ያመው ነበር። ዳይሬክተሩ ይሄን ፊት ቀብቶ አላሳመረውም፣ እንዳለ ነው የቀረጸው። ጉንጩ ላይ ያለው መስመር፣ ዓይኑ ስር ያለው እብጠት፣ ከንፈሩን ነከስ የሚያደርጋት ነገር፣ ሁሉም የእውነት ነው። ሲራመድ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ቁመቱም ቁመት ነው። ግን ቶሎ ቶሎ አይራመድም። ቶሎ ቢራመድ ፈራ ይሉኛል ብሎ እንደሚጠነቀቅ ሰው ነው።

እኛ ልጅ ሆነን ሲኒማ ቤት ስንገባ አንድ ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። አክተሩ አይሞትም ብለን ስለምናውቅ እንዝናናለን። ኩፐር ይሄን ሕግ የማያውቅ ብቸኛው አክተር ነው። እንደማይሞት የነገረው የለም። ሰዓቱ ሲቃረብ ቢሮው ብቻውን ተቀምጦ ኑዛዜ ይጽፋል። ብዕሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ልክ የቤት ኪራይ ውል እንደሚጽፍ ሰው ረጋ ብሎ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁሉም ጥለውት ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን አጥፎ ይደፋል። ሽጉጥ የናፈቀው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ምን ያገኛል? የእኔ ደንበኞች እዚህ ላይ ሲደርስ ወሬ ያቆማሉ። ቤቱ ዝም ይላል። ስኳር የሚያማስል እንኳ የለም። ከመካከላቸው ደርግን ያየ አለ፣ ከሥራ የተባረረ አለ፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ የነፈገው ጊዜ ያለፈበት አለ። እነሱ ሲያዩት የሚያዩት ሽጉጡን አይደለም።

እና ሁልጊዜ የሚነሳው ክርክር ይሄ ነው፤ ከከተማው ሰዎች ማን ይብሳል?

ዳኛው አለ። ሚለር ላይ የፈረደው እሱ ነው። ቴሌግራሙን ሲሰማ የችሎቱን ባንዲራ ያጣጥፋል፣ ሚዛኑን ያወርዳል፣ የሕግ መጽሐፎቹን ጠቅልሎ ፈረሱ ላይ ይጭናል። ሲጭን ደግሞ ለኬን የጥንት ታሪክ ያስተምረዋል። የተማረ ሰው ሲሸሽ እንዲህ ነው፣ ከነማስረጃው ነው የሚሸሸው።

ሄርብ የሚባል አለ። መጀመሪያ እኔ አለሁ ያለው እሱ ነው። ቆይቶ ሲመለስ ሌላ ሰው እንደሌለ ያያል፣ ከዚያ ሚስትና ልጆች እንዳሉት ትዝ ይለዋል። ብዙዎቹ ደንበኞቼ የሚጠሉት እሱን ነው። እኔ አልጠላውም። ቢያንስ ፊት ለፊት መጥቶ ነው አልችልም ያለው።

የሆቴሉ ጸሐፊ አለ፣ ሚለር ሲኖር ገበያ ነበር የሚል። ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ እሱ የሬሳ ሣጥንም ያሠራል። ኬን ሊታጠብ ሲገባ ከጓሮ መዶሻ ይሰማል። ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ ሥራውን ያስቆማል። ኬን ምን እንደሚሠራ ገብቶታል። ሲወጣ ሰውህ ሥራውን ይቀጥል ብሎት ነው የሚወጣው። ይቺ ነገር ቀልድ ትመስላለች፣ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የቤተ ክርስቲያኑን ስብሰባ ልዝለለው? አልዘለውም። የአገራችንን ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማየት አለበት። ኬን ጸሎት አቋርጦ ይገባና ሰው ይለምናል። አንዳንዶች ይነሳሉ። ወዲያው አንዱ ቆይ ጉዳዩን እንወያይበት ይላል። ልጆች ውጡ ይባላል። ከዚያ አንዱ እኛ ግብር የምንከፍለው ለዚህ አይደለም ወይ ይላል፣ ሌላው ጥፋቱ የሰሜን ፖለቲከኞች ነው ይላል፣ አንዲት ሴት ተነስታ ታፍራላችሁ ትላቸዋለች። በመጨረሻ የከተማው ትልቅ ሰው፣ የኬን ወዳጅ፣ ይነሳል። እንዴት አድርጎ ያመሰግነዋል መሰላችሁ! ይሄ ሰው ባለውለታችን ነው፣ ከእሱ የተሻለ ማርሻል አላየንም፣ ይላል። ሰው ሁሉ አሁን ሊነሳ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ "ነገር ግን" ይመጣል። መንገድ ላይ ተኩስ ከተነሳ በከተማዋ ላይ ገንዘብ ሊያፈሱ ያሰቡ ሰዎች ይሸሻሉ፣ ስለዚህ ለሁላችንም ሲባል ብትሄድ ይሻላል። ያ ሁሉ ምስጋና ለካ ለዚህ መንደርደሪያ ነበር። እዚህ ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው "የእኛ መሥሪያ ቤት!" ብሎ ይጮሃል። ሁልጊዜም ያው ሰው አይደለም።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ግን ፉለር ነው። ኬን ወደ ቤቱ ሲመጣ በመስኮት አይቶት ይደበቃል፣ ሚስቱን የለም በይው ብሎ ወደ በሩ ይልካታል። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ትዋሻለች። ፊቷን አይታችሁታል? ውሸቱ ከባሏ አፍ ሳይወጣ ከእሷ አፍ ወጣ፣ ኬን እንዳወቀባት እሷም አውቃለች። ጥቂት ሰከንድ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ባልየው ይቆጣታል፣ ብሞትልሽ ደስ ይልሻል ወይ ይላታል። ወንዶቹ ደንበኞቼ ይቺን ቦታ ብዙም አያነሷትም። ሴት ያየችው እንደሆነ ግን እዚህ ላይ ነው የምትቆመው።

"የወንዶች ፊልም" የሚለውም እዚህ ላይ ይወድቃል። ሔለን ራሚሬዝን እንዴት ዘለላት? ኬቲ ጁራዶ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት የሠራቻት፣ ጎልደን ግሎብ አግኝታበታለች። ሔለን የራሷ ንግድ ያላት ሴት ናት። በፊት የሚለር ወዳጅ ነበረች፣ ቀጥሎ የኬን፣ አሁን ደግሞ የረዳቱ የሃርቪ። ከተማው ፊት ለፊት አያከብራትም፣ ሥራ ላይ ግን ገንዘቧን ይፈልገዋል። ምን እንደሚመጣ ከሁሉም ቀድሞ የገባት እሷ ናት፣ ንግዷን ሸጣ ሻንጣዋን ትይዛለች። ለኬን ሚስት የእኔ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥዬው አልሄድም ነበር የሚል ነገር ትነግራታለች። ሁለቱ አብረው ወደ ጣቢያ ሄደው ባቡሩ ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ ያቺ ጠብ የማትወደው ሙሽራ ከባቡሩ ዘላ ወርዳ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላላየ ሰው አልናገርም። ከተማው ሙሉ ወንድ ተደብቆ ማን እንደደረሰለት ግን ተመልከቱ።

እንከን የለውም አልልም። ዘፈኑ በዝቷል። ዲሚትሪ ቲዮምኪን የደረሰው፣ ቴክስ ሪተር የሚዘፍነው ዘፈን ኦስካር አግኝቷል፣ ጥሩም ዘፈን ነው። ግን በየደቂቃው ሲመለስ በቃ ሰማን ያሰኛል። የፈረስ ጋጣው ድብድብም ረዝሟል። ኦስካር ካነሳሁ፣ ፊልሙ ለሰባት ታጭቶ አራት ወስዷል፣ አንዱ የኩፐር ነው። የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለው ግን አንድ የሰርከስ ፊልም ነበር። ይሄ ነገር ሻይ ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይቅር አልተባለም።

ጸሐፊያችሁ ያላነሳው ትልቁ ነገር ደግሞ ከፊልሙ ጀርባ ያለው ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ካርል ፎርማን ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት የሚታደንበት ዘመን ነበር። ፎርማን ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር፣ ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ በ1951 የአሜሪካ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ ጠርቶ የሌሎችን ስም አምጣ አለው። አላመጣም። የሥራ ባልደረቦቹ ሸሹት፣ ወዳጆቹም ራቁት። ስክሪፕቱን ሲያስተካክል ይሄ ሁሉ እየገባበት ነበር፣ ራሱም ብሏል። እንግዲህ ፉለር ከመስኮቱ ጀርባ ሲደበቅ ከየት እንደመጣ ገባችሁ? ፎርማን በ1952 ወደ ለንደን ተሰደደ። "ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ"ን ከጻፉት አንዱ እሱ ነው፣ ስሙ ግን ፊልሙ ላይ አልወጣም ነበር። ለዚያ ኦስካር ዕውቅና የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው።

ኩፐር ደግሞ በፖለቲካው የቀኝ ክንፍ ሰው ነበር። በ1947 እዚያው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ኮሚኒዝም አይጥመኝም ያለ ሰው ነው፣ የማንንም ስም ግን አልጠራም። ፎርማን ሲጠራ ከጎኑ ቆመ። አዲስ በሚያቋቁመው ኩባንያም አብሬህ እገባለሁ አለው። ጫናው ሲበረታበት ከኩባንያው ወጣ። እዚህ ላይ ደንበኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን ኩፐርም በመጨረሻ ሄርብ ሆነ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በዚያ ዘመን ያንን ያህል መቆሙ ራሱ ብዙ ነው ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፣ ግን አንደኞቹንም ዝም በሉ አልልም።

ጆን ዌይን ፊልሙን ጠልቶታል። ነገሩ ግን አስቂኝ ነው። በ1953 የኩፐርን ኦስካር መድረክ ላይ ወጥቶ የተቀበለለት እሱ ራሱ ነው፣ ይሄ ሚና ለእኔ ለምን አልመጣም ብሎም ቀልዷል። በ1971 ደግሞ ለአንድ መጽሔት ሲናገር ከዚህ የባሰ ፀረ አሜሪካዊ ፊልም አላየሁም አለ። ኩፐር ባጁን መሬት ጥሎ በእግሩ ረገጠው ብሎም ተናገረ። አልረገጠም! መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ከየተደበቀበት ሲወጣ ኬን ዙሪያውን ያያቸዋል፣ ኮከቧን ነቅሎ አቧራው ላይ ይጥላታል፣ ከሚስቱ ጋር ጋሪው ላይ ወጥቶ ይሄዳል። አንዲት ቃል አይናገርም። መርገጡን ዌይን ነው ከራሱ የጨመረው። እሱና ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ለመልስ ብለው በ1959 "ሪዮ ብራቮ"ን ሠሩ። ጥሩ ሸሪፍ ከተማውን ዞሮ እርዱኝ አይልም ነው ነገሩ። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልክድም፣ በጣም ያዝናናል። ግን እዚያ ውስጥ የሚፈራ ሰው አላየሁም።

ለነገሩ ፖላንዶች የመረጡት ኩፐርን ነው። በሰኔ 1989ኙ ምርጫ ሶሊዳሪቲ የሚባለው የሠራተኞች ንቅናቄ ባወጣው ፖስተር ላይ የወጣው እሱ ነው፣ በዚያው አካሄዱ፣ እጁ ላይ ግን በሽጉጥ ፋንታ የምርጫ ወረቀት ይዞ። ሽጉጥ ለናፈቀው ሰው ይሄንንም ንገሩልኝ።

የዛሬ ልጆችስ ይወዱታል ወይ ላላችሁ፣ ፊልሙን በፍላሽ የሚያመጣልኝ ልጅ አንድም ቀን ጨርሶት አያውቅም። ቀለም የለውም፣ ሰውዬው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ይለኛል። ይሁን። አላስገድደውም። እሱ የሚያያቸውን የትርጉም ፊልሞች እኔም አልጨርሳቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ፣ ከስሩ ጋሪ ኩፐር የተባለው፣ የጆን ዌይን ነው። ጡረተኞቹ ገና ገጹን ሲገልጡ ነው የጮሁት። ይሄ በማረሚያ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ ውስጥ አንድ የዌይን ደጋፊ አሉ፣ ስህተቱ በጣም አስደስቷቸው ፎቶውን በመቀስ ቆርጠው ግድግዳዬ ላይ፣ ከመጠጥ ዋጋው ዝርዝር በላይ ለጥፈውታል። አንሱት ብላቸው እምቢ አሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የኩፐርን ፎቶ ስታወጡ መጠኑ ከዚያኛው እንዳያንስ አደራ፣ ጎን ለጎን ነው የምለጥፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ